ቆጣቢው ሬቲና ለምን ይደጋግማል?

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ «ኔቸር» መጽሔት ላይ የታተመ አንድ ጥናት፣ የእይታ ሳይንስ ለ60 ዓመታት ያህል ሲመራበት የኖረውን ሐሳብ እንደገና እንዲመረመር አድርጓል። ጥናቱን ያካሄዱት ዲሞክራቲስ ካራማንሊስ፣ ቲም ጎሊሽ እና በጀርመን ጎቲንገን ከተማ የሚሠሩ ባልደረቦቻቸው ናቸው። የፈተሹት ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ የተነጠፈው ስስ የነርቭ ሽፋን፣ ማለትም ሬቲና፣ ያየውን ሁሉ ወደ አንጎል አይልክም፤ የሚደጋገመውን እያስቀረ አዲስ ነገር ያለበትን ብቻ ይልካል። ተመራማሪዎቹ ማርሞሴት ከምትባለው ትንሽ ጦጣና ከአይጥ በተወሰደ ሬቲና ላይ፣ ዓይን በተፈጥሮው እያማተረ እንደሚያይ አድርገው ምስሎችን ሲያሳዩ ግን ያገኙት ሌላ ነው። ወደ አንጎል መልእክት የሚልኩት ሕዋሳት በርከት ብለው በአንድ ጊዜ ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ። ቆጣቢ የተባለው አካል ይደጋግማል ማለት ነው።

ይህን በጥድፊያ ያነበበ ሰው ንድፈ ሐሳቡ ፈረሰ ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የፈረሰው ቁጠባን ስንለካበት የኖርነው መንገድ ነው። ዓይን የማይንቀሳቀስ ካሜራ ይመስል፣ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚያይ አካል ተደርጎ ሲመረመር ኖሯል። ልዩነቱ ከቤተ ሙከራ ክርክር ያለፈ ነው፤ የማየት ብርሃናቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ እይታ ለመስጠት የሚሠሩ መሐንዲሶች የሚመሩበት ካርታ ይኸው ንድፈ ሐሳብ ነውና።

ጠባቡ መውጫ

የጉዳዩ መነሻ ቁጥር ነው። በአንድ የሰው ዓይን ውስጥ 100 ሚሊዮን ገደማ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። አብዛኞቹ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት ሮዶች ሲሆኑ፣ ቀለምንና ዝርዝርን የሚለዩት ኮኖች 5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው የእይታ ነርቭ ግን ያለው 1 ሚሊዮን ገደማ ክር ነው። እያንዳንዱ ክር ጋንግሊየን ከሚባል አንድ ሕዋስ ይነሣል፤ የምናየው ዓለም ሁሉ አንጎል ዘንድ የሚደርሰው በእነዚህ ሕዋሳት አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ብቻ ነው።

ታዲያ ክሮቹ ለምን አልበዙም? አንደኛ፣ ነርቩ የሚወጣው ሬቲናን ራሱን በስቶ ነው። የሚወጣበት ቦታ ብርሃን ስለማይቀበል በእያንዳንዱ ዓይናችን ውስጥ አንዳች የማያይ ነጥብ አለ። ነርቩ በወፈረ ቁጥር ይህ ነጥብ ይሰፋል፣ ዓይንን ማዞርም ያስቸግራል። ሁለተኛው ምክንያት ኃይል ነው። አንጎላችን ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ፣ ዕረፍት ላይ ሳለን ከምናቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ከዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው የነርቮች መልእክት መለዋወጥ ነው። እያንዳንዷ ምት ዋጋ አላት።

በዚህ ላይ የብርሃን ስፋት ይጨመራል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊትና በቀትር ፀሐይ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከቢሊዮን እጥፍ በላይ ነው። አንድ ጋንግሊየን ሕዋስ ግን በሰከንድ ሊልክ የሚችለው ቢበዛ ጥቂት መቶ ምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከጊኒ ፒግ ሬቲና ልኬት ተነሥተው ባደረጉት ስሌት፣ አንድ የሰው ዓይን ወደ አንጎል የሚያስተላልፈው መረጃ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ቢት ገደማ ነው። ዛሬ አንድ ተራ የቤት ኢንተርኔት መስመር ከዚህ በላይ ይሸከማል። በዚህች መጠን ያን ሁሉ ዓለም ማሳየት የሚቻለው አንድ ዓይነት መጭመቅ ካለ ብቻ ነው።

ባርሎው የከፈተው መንገድ

መጭመቁ በምን ሥርዓት ይከናወናል ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሆራስ ባርሎው ነው። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 የመረጃን መጠን በሒሳብ መለካት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ባርሎው በ1961 ይህንኑ ወደ ነርቮች አመጣው። የተፈጥሮ ትዕይንት በድግግሞሽ የተሞላ ነው። የሰማዩ አንድ ነጥብ ሰማያዊ ከሆነ ጎኑ ያለውም ሰማያዊ መሆኑን ሳያዩ መገመት ይቻላል፤ የግድግዳው ነጭ ጎረቤቱም ነጭ ነው። ድሮ ቴሌግራም የሚልክ ሰው በቃል ቆጠራ ይከፍል ስለነበር፣ ተቀባዩ ራሱ ሊሞላው የሚችለውን ቃል እየተወ ዋና ዋናውን ብቻ ይጽፍ ነበር። ባርሎው እንዳለው ሬቲናም ሊገመት የሚችለውን እያስቀረ ይልካል።

ሐሳቡ በባዶ ሜዳ ላይ አልወደቀም። ሃልዳን ኬፈር ሃርትላይን በፈረስ ኮቴ ሸርጣን ዓይን ላይ፣ አንዱ ተቀባይ ሲነቃ ጎረቤቶቹን እንደሚያፍን አሳይቶ ነበር፤ በዓይን ላይ ለሠራው ሥራ በ1967 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ስቲቨን ኩፍለር ደግሞ በ1953 የድመት ጋንግሊየን ሕዋሳት መሐላቸውና ዙሪያቸው ተቃራኒ ሆኖ አገኘው። መሐሉ ላይ ብርሃን ሲያርፍ የሚነቃ ሕዋስ፣ ብርሃኑ ዙሪያውን ሲነካ ይታፈናል። ስለዚህ እኩል ብርሃን ያረፈበት ግድግዳ ሲታይ ሁለቱ ይጠፋፉና ሕዋሱ ብዙም አይናገርም። የግድግዳው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ወገን ስለሚያይል ሕዋሱ ይነቃል። ጎረቤትን ከጎረቤት መቀነስ ማለት፣ በባርሎው ቋንቋ፣ ድግግሞሽን ማስቀረት ነው።

የንድፈ ሐሳቡ ትልቁ ጉልበት የታየው በጨለማ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጆሴፍ አቲክና ኖርማን ሬድሊክ እንዳሰሉት፣ ብርሃን ሲደበዝዝ ምልክቱ በፎቶኖች የዘፈቀደ አመጣጥ ስለሚረበሽ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት መቀነስ ረብሻውን ብቻ ያጎላል። በዚያ ጊዜ የሚበጀው መደመር ነው። ባርሎው፣ ፊትዝሂዩና ኩፍለር ደግሞ ገና በ1957፣ ዓይን ጨለማ ሲለምድ የዙሪያው አፋኝነት እንደሚጠፋ በድመት ላይ ለክተው ነበር። አንድ የሒሳብ መርሕ በብርሃን መቀነስን፣ በጨለማ መደመርን ሲያዝና ሥጋና ደሙም ሲታዘዝለት ማየት፣ በባዮሎጂ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው። በ2021 ደግሞ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የግሬግ ፊልድ ቡድን፣ ብርሃን ሲጨምር የሚነቁትና ሲቀንስ የሚነቁት ሕዋሳት በሬቲና ላይ የተደረደሩት አንዱ የሌላውን ክፍተት በሚይዝ መልኩ መሆኑን አገኘ፤ የቁጠባው ስሌትም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሐሳብ በአንድ ጥናት አይጣልም።

በጎቲንገን የታየው

ሙከራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። ከጣት ጥፍር የሚያንስ ትኩስ የሬቲና ቁራጭ፣ ጋንግሊየን ሕዋሳቱ ወደ ታች ሆነው፣ ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች በተደረደሩበት ሰሌዳ ላይ ይነጠፋል። ኦክስጅን የተነፋበት ሞቅ ያለ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይፈስበታል። በዚህ ሁኔታ ቁራጩ ለሰዓታት ሕያው ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ከትንሽ ስክሪን የሚመጣ ምስል ልክ እንደ ዓይን ሌንስ አንሶ ያርፍበታል፤ ኤሌክትሮዶቹ የብዙ ሕዋሳትን ምት በአንድ ጊዜ፣ በሺኛ ሰከንድ ልዩነት ይመዘግባሉ። ከዓይን የተለየው ቁራጭ አሁንም ያያል ማለት ይቻላል፤ የሚጎድለው ዓይኑን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ነው።

ያ ጉድለት ቀላል አይደለም። ለአሥርት ዓመታት በዚህ መሣሪያ ላይ ይታዩ የነበሩት በአብዛኛው ብልጭ ድርግም የሚሉ የዳማ ሰሌዳዎች፣ መስመሮችና የቆሙ ፎቶዎች ናቸው። የሰው ዓይን ግን ነቅቶ ሳለ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል። ከመዝለል እስከ መዝለል ባለው የሰከንድ ሩብ ገደማ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ይነሣል። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ዓይን እንኳ ከቃል ወደ ቃል እየዘለለ ነው። በእያንዳንዱ ዝላይ ሬቲና ላይ ያለው ምስል በሙሉ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ተፈጥሮ ለሬቲና የምታቀርበው ፊልም ከሁሉም በላይ የዚህ ዝላይ ፊልም ነው።

የጎቲንገኑ ቡድን የማርሞሴትንና የአይጥን የእይታ እንቅስቃሴ ለየራሳቸው አስመስሎ ይህን ፊልም ሲያሳይ፣ በአንድ ዓይነት ሕዋሳት መካከል ብቻ ሳይሆን በተለያዩ ዓይነቶች መካከልም ምቶች አብረው መጡ። አብረው የሚመቱትም በዘፈቀደ አይደለም። እይታው ያረፈበት ቦታ ጨለማና ብርሃን በቅርብ የተፈራረቁበት፣ ማለትም በዝርዝር የተሞላ ሲሆን ነው። ቅጠላማ ቁጥቋጦ ላይ ሲያርፍ ይጮኻሉ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ላይ ሲያርፍ ይረጋጋሉ። ሁሉም ዓይነት ሕዋስ ግን እኩል አያደርገውም።

ምክንያቱ የት እንዳለ ተመራማሪዎቹ በሞዴል ለይተውታል። አንድ ጋንግሊየን ሕዋስ ከብርሃን ተቀባዮቹ በቀጥታ አይሰማም፤ መሐል ላይ ባይፖላር የሚባሉ ብዙ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ባይፖላር የሚወደውን ለውጥ ሲያይ በኃይል ያሳውቃል፣ ተቃራኒውን ሲያይ ግን ዝም ይላል እንጂ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ በአንድ ጋንግሊየን የእይታ ክልል ውስጥ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ቢነጣ ሁለቱ አይጠፋፉም፤ የተናገሩት ይደመራሉ፣ ዝም ያሉት ዝም ይላሉ። ውጤቱ «ምን እንደሆነ ባላውቅም እዚህ ብዙ ዝርዝር አለ» የሚል መልእክት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሕዋሳትም ያንኑ ዝርዝር ስለሚያገኙ ያንኑ ይላሉ። ክርስቲና ኤንሮት-ኩጌልና ጆን ሮብሰን በ1966 የድመትን ጋንግሊየን ሕዋሳት፣ ብርሃንንና ጥላን በቀላሉ የሚደምሩና የማይደምሩ ብለው ለሁለት ሲከፍሉ ይህን ባሕርይ አይተውት ነበር። የ1953ቱ የኩፍለር ሥዕል ግን ለሒሳብ ይመች ስለነበር፣ ንድፈ ሐሳቡ በዋናነት የቆመው በእርሱ ላይ ሆነ።

ማስጠንቀቂያዎቹም ቀደም ብለው ነበሩ። በ2005 የፕሪንስተኑ የማይክል ቤሪ ቡድን በሳላማንደር ሬቲና ላይ 10 እጥፍ ገደማ ድግግሞሽ እንዳለ ገምቷል። በ2012 ዛክ ፒትኮውና ማርከስ ማይስተር፣ ምቶችን እርስ በርስ የሚያለያየው በዋናነት የመሐልና የዙሪያ ተቃርኖ ሳይሆን፣ ሕዋሱ ደካማ ምልክትን አልፎ ጠንካራውን ብቻ ማሳለፉ እንደሆነ አሳዩ። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ባርሎው ራሱ ነው። በ2001 ወደ ጥንት ሐሳቡ ተመልሶ፣ በመጭመቅ ላይ ከሚገባው በላይ ማተኮሩን አምኖ፣ ድግግሞሽ የሚጣል ትርፍ ሳይሆን አንጎል ሊያውቀውና ሊጠቀምበት የሚገባ ነገር መሆኑን ጽፏል።

ነገሩን የሚያወሳስብ አንድ ነጥብ ይቀራል። ዓይን በሚያርፍበት ቅጽበት እንኳ ፍጹም አይቆምም፤ በጥቂቱ ይንሳፈፋል። ሚኬሌ ሩቺና ባልደረቦቹ በ2012 እንዳሳዩት ይህ ትንሽ መንሳፈፍ ገና ነርቮች ሥራ ሳይጀምሩ የተፈጥሮን ድግግሞሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ትንሹ እንቅስቃሴ ለቁጠባ ይሠራል፣ ትልቁ ዝላይ ቁጠባን ያናጋል። ዓይንን ሳያንቀሳቅሱ ስለ ሬቲና ቁጠባ መናገር ያልተሟላ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ብክነት ነው፣ ዋስትና ነው ወይስ መልእክት?

ድግግሞሹን በሦስት መንገድ መተርጎም ይቻላል።

የመጀመሪያው ዋስትና ነው ይላል። ነርቭ አስተማማኝ አይደለም፤ ያንኑ ምስል ደጋግሞ ሲያይ የምቶቹ ቁጥር ይለያያል። በተረበሸ መስመር መደጋገም ቁጠባን አይቃረንም፣ የሻነን ሒሳብም ይፈቅደዋል። ይህ ትርጓሜ አሮጌውን ንድፈ ሐሳብ በትንሽ ጥገና ያቆየዋል። የሚያጠራጥረኝ ግን የድግግሞሹ መራጭነት ነው። ዋስትና ቢሆን ኖሮ፣ ይበልጥ የሚያስፈልገው ምልክቱ ደካማ በሆነበት ነበር፤ እዚህ ግን ሕዋሳቱ አብረው የሚናገሩት ምልክቱ ጠንካራ በሆነበት፣ ብዙ ዝርዝር ባለበት ነው።

ሁለተኛው፣ አብሮ መምታቱ ራሱ መልእክት ነው ይላል። ከሬቲና ቀጥሎ ያሉት የአንጎል ሕዋሳት ተነጣጥለው ከሚመጡ ምቶች ይልቅ አንድ ላይ ለሚደርሱት ይበልጥ ይነቃሉ። ዓይን አንድ ቦታ ላይ እንዳረፈ፣ ዝርዝሩ ተነቦ ሳያልቅ፣ «እዚህ ቆይ፣ የሚታይ አለ» የሚል ፈጣን ጥሪ ቢመጣ ለሚያድንም ለሚታደንም ፍጡር ሕይወት ነው። ጎሊሽ ራሱ በ2008 ከማይስተር ጋር፣ ምስል ሲለወጥ የሳላማንደር ጋንግሊየን ሕዋሳት የመጀመሪያዋን ምት የሚልኩበት የጊዜ ቅደም ተከተል ብቻውን ብዙ መረጃ እንደሚይዝ አሳይቶ ነበር።

ሦስተኛው ቀዝቃዛው ነው፦ ሽቦው እንዲህ ስለተዘረጋ የመጣ፣ ማንም ያልፈለገው ውጤት ይላል። ይህን ማስተባበል ከባድ ነው፤ ነገር ግን ምት ውድ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ ያለ ጥቅም የሚባክን ይህን ያህል ወጪ በዝግመተ ለውጥ ሳይታረም መኖሩ ለእኔ አሳማኝ አይሆንም።

ሚዛኔ ወደ ሁለተኛው ያደላል፣ አንድ ነገር ተጨምሮበት። ሬቲና አንድ ኮድ ያለው አንድ መሣሪያ አይደለም። በ2016 ቶም ባደንና ባልደረቦቹ በአይጥ ሬቲና ውስጥ ከ30 በላይ የጋንግሊየን ሕዋስ ዓይነቶችን ቆጥረዋል፤ እያንዳንዱ ዓይነት ሬቲናን ሸፍኖ የራሱን ምስል ይልካል። አንዳንዶቹ እንደ ባርሎው ቆጣቢ ሆነው ዝርዝር ያደርሳሉ፣ ሌሎቹ በዋጋ ሳይሰስቱ ትኩረት ይጠራሉ። ለሁሉም አንድ ቀመር መፈለጉ ነው ስህተቱ።

ለሰው ሠራሽ እይታ ምን ማለት ነው

የክርክሩ ተግባራዊ ክብደት እዚህ ላይ ነው። አርገስ 2 የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ፈቃድ ሲያገኝ 60 ኤሌክትሮዶች ነበሩት፤ ከመነጽር ላይ ካሜራ የሚመጣውን ምስል በጋንግሊየን ሕዋሳት በኩል በቀጥታ ያስገባ ነበር። ተጠቃሚው ዓይኑን ቢያዞር ምስሉ አይለወጥም፤ ጭንቅላቱን ማዞር ነበረበት። አሁን ካወቅነው ስናየው፣ ሬቲና የሚጠብቀው ዋነኛው የተፈጥሮ ክስተት፣ የእይታ ዝላይ፣ ከመሣሪያው ተቆርጦ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

ፕሪማ የተባለው አዲሱ መሣሪያ ሌላ መንገድ ይከተላል። በስታንፎርዱ ዳንኤል ፓላንከር ሐሳብ የተሠራው ይህ ቺፕ በየጎኑ 2 ሚሊሜትር፣ 378 ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ የሞቱት ብርሃን ተቀባዮች በነበሩበት ቦታ ይቀበራል። ከመነጽሩ በዓይን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚላክለትን ምስል ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥና ባይፖላር ሕዋሳትን ያነቃል። ሁለት ጥቅም አለው፦ የተረፈው የሬቲና ስሌት ሥራውን ይቀጥላል፣ ተጠቃሚውም በተላከው ምስል ላይ ዓይኑን ማንቀሳቀስ ይችላል። በጥቅምት 2025 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» ላይ በወጣው ውጤት፣ ከዕድሜ ጋር በሚመጣ የማኩላ (የሬቲና መሐል) መጎዳት ማዕከላዊ እይታቸውን ካጡ 38 ታካሚዎች ውስጥ እስከ 12 ወር በተከታተሉት 32 ሰዎች ላይ ሲለካ፣ 26ቱ የማየት አቅማቸው ትርጉም ባለው ደረጃ ተሻሽሏል። ጉድለቱ፣ ብርሃን ሲጨምር የሚነቁትንና ሲቀንስ የሚነቁትን ባይፖላሮች ሳይለይ አብሮ ማነቃቱ ነው። ተፈጥሮ በተለያየ ቋንቋ የምትልካቸው መልእክቶች እዚህ ተደባልቀው ይወጣሉ።

ሦስተኛው መንገድ ኮዱን ራሱን መኮረጅ ነው። ሺላ ኒረንበርግና ቼታን ፓንዳሪናት በ2012 በዓይነ ሥውር አይጦች ላይ፣ ምስሉን መጀመሪያ በሬቲና ቀመር ተርጉሞ ከዚያ ማነቃቃት ውጤቱን በእጅጉ እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ነገር ግን ቀመሩ የተወሰደው ከምን ዓይነት ምስል ነው? የእይታ ዝላይ ከሌለበት ፊልም የተማረ ቀመር፣ ሕዋሳት አብረው መጮኽ ባለባቸው ቅጽበት ለየብቻቸው እንዲናገሩ ሊያዛቸው ይችላል። የጎቲንገኑ ግኝት ከሁሉ በፊት የሚመለከተው እነዚህን መሐንዲሶች ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ የዓይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፣ ከ10 በመቶ በላይ ደግሞ ትራኮማ። በሁለቱም የሚጎዳው ከሬቲና በፊት ያለው የብርሃን መግቢያ ነው፤ ለሞራ ግርዶሽ መፍትሔው የታወቀ ቀዶ ሕክምና ነው እንጂ ቺፕ አይደለም። ግላኮማ ደግሞ የሚገድለው ጋንግሊየን ሕዋሳትን ራሳቸውን ስለሆነ፣ በሬቲና ላይ የሚቀበር ቺፕ መልእክቱን የሚያደርስበት ክር አያገኝም። ፕሪማ የሚረዳው መሐል ላይ ያሉትን፣ ብርሃን ተቀባዮቻቸው ሞተው ሌላው ሬቲናቸው የተረፈላቸውን ነው።

ቀጥሎ ምን ይጠበቃል

ክርክሩን የሚቆርጠው ከሬቲና ውጪ ያለ ማስረጃ ይመስለኛል። ከዓይን የተለየ ቁራጭ፣ ሕዋሳቱ አብረው መምታታቸውን ሊያሳይ ይችላል፤ አንጎል ያንን ጥሪ ሰምቶ ይጠቀምበት አይጠቀምበት ግን አይናገርም። ለዚህ ዓይኑን እንደልቡ በሚያንቀሳቅስ እንስሳ ውስጥ፣ ቀጣዩ የአንጎል ጣቢያ አብረው ከመጡ ምቶች በኋላ ምን እንደሚያደርግ መመዝገብ ይጠይቃል። ጣቢያው የተደጋገመውን አንድ አድርጎ የሚያሳልፍ ከሆነ የዋስትናው ትርጓሜ ይበረታል። አብሮ መምታቱ የሚቀጥለው ዝላይ ወዴት እንደሚሆን ወይም እይታው እዚያ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስን ከሆነ፣ የመልእክቱ ትርጓሜ ያሸንፋል።

የመሣሪያ ሠሪዎቹ ግን ያን ቀን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የተጠቃሚውን የዓይን ዝላይ የሚከታተል ካሜራ መነጽር ላይ መግጠም ዛሬ የሚቻል ነው። ከዝላዩ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አፍታዎች ዝርዝር የበዛበትን ቦታ በአንድ ላይ በሚደርሱ ምቶች ማነቃቃት፣ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ መሸጋገር፣ ታካሚው ራሱ ልዩነቱን የሚመሰክርበት ሙከራ ነው። ተስፋ ሰጪ ሆኖ የማየውም ይህኛውን ነው፤ አይጥና ማርሞሴት የማይነግሩንን፣ ያ ጥሪ እንደ እይታ ይሰማ እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው ሰው ብቻ ነውና።